ለጓዳውም መስመር ይሳብለት

«ሁለተኛ ቴሌቪዥን ቤት ይበትናል» የሚል ፍርድ በየሬዲዮው፣ በየሠርግ ቤቱ፣ በየለቅሶ ድንኳኑ ሳይቀር ሲሰጥ እሰማለሁ። ፈራጁ ብዙ ነው፤ ጠበቃ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። እንግዲህ ጠበቃ ከጠፋ እኔ ልቁም። የምሟገተው ስለ ቴሌቪዥን ጥቅምና ጉዳት አይደለም፤ ስለዚያ የተጻፈው ለጊዜው ይበቃናል። የምሟገተው ስለ ሃያ ወይም ሠላሳ ሜትር ገመድ ነው። ከጣሪያው ዲሽ ተነሥቶ ሳሎን ስለሚገባውና እዚያው ስለሚቀረው፣ ወደ ጓዳ፣ ወደ ሰርቪስ ቤት፣ ወደ አያት ክፍል እንዳያልፍ ስለተፈረደበት ገመድ።

መቼም የፈራጆቹ ክርክር ሲሰሙት ያምራል። አባት፣ እናትና ልጆች በአንድ ሶፋ ተቀምጠው፣ ቡናው እየተፈላ፣ ፈንዲሻው እየተዞረ፣ አንድ ነገር አይተው አብረው ይስቃሉ፤ አብረው ያዝናሉ። ሁለተኛው ቴሌቪዥን የገባ ዕለት ግን አንዱ ወዲያ፣ ሌላው ወዲህ ይሆናል፤ ጨዋታ ይጠፋል፤ ወላጅና ልጅ እንደ ሆቴል እንግዳ በኮሪደር ላይ ሰላምታ ተለዋውጠው ያልፋሉ። ሥዕሉ ቆንጆ ነው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ በሥዕሉ ውስጥ የሌሉ የቤቱ ሰዎች አሉ።

እስቲ ሶፋው ላይ የተቀመጡትን ትተን ያልተቀመጡትን እንቁጠር። የቤት ሠራተኛዋ የወጥ ቤቱን በር ተደግፋ፣ እጇ ላይ ፎጣ ይዛ ቆማለች። ድራማው ልብ የሚሰቅልበት ቦታ ላይ ሲደርስ «ወጡ እንዳያርብሽ!» ትባላለች። ስትመለስ ያቺ ልጅ አግብታ፣ ያ ሰውዬ ሞቶ ይጠብቃታል፤ ምን እንደሆነ ብትጠይቅ የሚነግራት የለም። ለሕክምና ከገጠር የመጡት አያት ጥግ ያለችው ዱካ ላይ ተቀምጠው ከማያውቁት ቋንቋና ከማያውቁት ኳስ ጋር ሲፋጠጡ ያመሻሉ። የሚወዱት የመዝሙር ፕሮግራም እንዳለ ልጃቸው ያውቃል፤ ግን የሚተላለፈው በዜና ሰዓት ነው። ሪሞቱ የት ነው? አባወራው ጉልበት ላይ። አባወራው አንገታቸውን ጥለው እያንኮራፉ እንኳ ሪሞቱን ሊያነሣ የሚደፍር የለም። ጣቢያው ሲለወጥ ብንን ብለው «እያየሁት ነው እኮ!» ይላሉ።

ይህ አንድነት ነው? እኔ መታዘዝ ነው እለዋለሁ። ሰዎች በአንድ ክፍል ስለተሰበሰቡ ብቻ አንድ ሆነዋል ካልን፣ ታክሲ ውስጥ የታጨቅነውም ቤተሰብ ነን ማለት ነው።

«ዱሮ እኮ ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ቴሌቪዥን ዙሪያ ይሰበሰብ ነበር» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ይሰበሰብ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር መሣሪያው የጥቂት ሰዎች ንብረት ነበር። በ1977 ዓ.ም. ባለ ቀለሙ ሥርጭት ከመጣ በኋላም ቢሆን ቴሌቪዥን ያለበት ቤት በየመንደሩ በጣት የሚጠቆም ቤት ነበር። እኔም ከሚሰበሰቡት አንዱ ነበርኩ። እግራችንን ታጥበን እንገባለን። የምንቀመጠው ምንጣፉ ላይ ሳይሆን ምንጣፉ ካለቀበት ወዲህ፣ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ነው። ከቤቱ ልጅ ጋር የተጣላን እንደሆነ «ነገ አትገባትም!» ይለናል፤ ያቺ ዛቻ ከአስተማሪ አለንጋ ትብስብን ነበር። ያንን ዘመን ስናነሣ የምንናፍቀው ልጅነታችንን እንጂ ሲሚንቶውን አይደለም።

ደግሞም ያኔ ጣቢያው አንድ ነበር። በአንድ ቤት ሁለት ቴሌቪዥን ቢኖር ሁለቱም የሚያሳዩት ያንኑ ነው። የባለቤቱ ሥልጣን ከመክፈትና ከመዝጋት አያልፍም ነበር። ዲሽ ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ2008 ዓ.ም. ቃና የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እያናገረ በናይልሳት በኩል ብቅ ሲል ስለ ባህል መወረር ብዙ ተጮኸ፤ ብዙ ተጻፈ። ድራማውን ማን ተቀምጦ፣ ማን ቆሞ እያየው እንደሆነ ግን የጠየቀ አላጋጠመኝም። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት የተባለው የጋራ ሥርጭት ሲጀምር ደግሞ ብዙ ዲሽ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ዞረ፤ አንዱንም ላለማጣት ሁለተኛ ዲሽ ያቆመም ብዙ ነው። ዛሬ በየኮንዶሚኒየሙ ሰገነት ላይ እንደ እንጉዳይ የፈሉትን ዲሾች ተመልከቱ። ጣሪያችን ላይ ሁለት ሳተላይት፣ በመቶ የሚቆጠር ጣቢያ፤ ታች ስንወርድ አንድ ሳሎን፣ አንድ ሪሲቨር፣ አንድ ሪሞት። ሰማዩ ሰፋ፤ ቤቱ ግን እንደጠበበ ቀረ።

አሁን ወደ ገመዱ ልምጣ፤ ሹመቱ ያለው እዚያ ነውና።

«እኛስ ሁለተኛ ቴሌቪዥን አስገብተናል» የሚሉ ቤቶችን አይቻለሁ። ብዙዎቹ ያደረጉት ይህን ነው፤ ከሳሎኑ ሪሲቨር ጀርባ ተጨማሪ ገመድ አውጥተው ወደ ሌላ ክፍል ይስባሉ፤ እዚያም ሌላ ቴሌቪዥን ይሰካሉ። ውጤቱስ? ሳሎን ዜና ከሆነ ጓዳም ዜና ነው። አባወራው ጣቢያ ሲለውጡ የጓዳው ቴሌቪዥን እንደ ሎሌ ተከትሎ ይለወጣል። የሳሎኑ ሪሲቨር ሲጠፋ የጓዳውም ይጨልማል። ይህ ሁለተኛ ቴሌቪዥን አይደለም፤ የመጀመሪያው ቴሌቪዥን ጥላ ነው። አባወራው የትም ሳይሄዱ ሪሞታቸው ጓዳ ድረስ ገባ ማለት ነው።

ሌሎች ደግሞ አንድ እርምጃ ጨምረው ሁለተኛ ሪሲቨር ይገዛሉ፤ ከዲሹ የሚወርደውን አንዱን ገመድ ግን በማከፋፈያ ለሁለት ይከፍሉታል። ይኸኛው የሚያመጣው ጠብ ነው። ምክንያቱን ላስረዳ። ዲሹ ፊት ላይ ያለችው ኤልኤንቢ የምትሠራው ሪሲቨሩ በዚያው ገመድ ሽቅብ በሚልክላት ኤሌክትሪክ ነው። 13 ቮልት ሲልክላት በቁም የሚመጣውን ሞገድ ታወርዳለች፤ 18 ቮልት ሲልክላት በአግድም የሚመጣውን ታወርዳለች። በአንድ መውጫ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ማውረድ አይሆንላትም። ስለዚህ በአንድ መውጫ ላይ ሁለት ሪሲቨር የተጫነ እንደሆነ፣ አንዱ 18 ሲልክ 13 የላከው ባዶ እጁን ይቀራል። ሳሎን ኳሱ ሲደምቅ ጓዳ ውስጥ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ይንጠለጠላል። ሰው ይህን አይቶ «ዕቃው የማይረባ ነው» ይላል። ዕቃው ምን በወጣው! አንድ አፍ ለሁለት ጌታ እንዲናገር ስላደረጋችሁት ነው።

መፍትሔው ሁለት መውጫ ያላት ኤልኤንቢ ናት። ከአንደኛው መውጫ አንድ ገመድ ወደ ሳሎን፣ ከሁለተኛው መውጫ ሌላ ገመድ ወደ ጓዳ። እያንዳንዱ ሪሲቨር የራሱን 13 እና 18 ይልካል፤ አንዱ ሌላውን አያዝም፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው አይጨልምም። ዲሹ ያው ዲሽ ነው፤ ጣሪያውም ያው ጣሪያ። ክርክሬ በሙሉ ከዚህች አይወጣም፤ ለሌላው ክፍል ቴሌቪዥን ካስገባችሁ ገመዱን ከሳሎን ሪሲቨር ጀርባ አትቀጥሉት፤ ከምንጩ ሳቡት።

ይህን ነገር አጥብቄ የያዝኩት በጥላ ቴሌቪዥን ሥር ዓመታት ስለኖርኩ ነው። ተከራይ ሳለሁ አከራዬ «ዲሽ ያለው ክፍል» ብለው አከራዩኝ። ዲሹ የተባለው ከእሳቸው ሪሲቨር ጀርባ የወጣ ገመድ ሆኖ ተገኘ። እሳቸው ያዩትን አያለሁ፤ እሳቸው ሲተኙ እኔም እተኛለሁ። አንድ ምሽት የኳስ ጨዋታ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ድርግም አለ። ደጃቸውን አንኳኩቼ ብለምናቸው «ደከመኝ ልጄ፤ ውጤቱን ነገ ትሰማዋለህ» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ስታመም ሾርባ ልከውልኛል። ግን መስመሩ በእጃቸው ነበር፤ መስመር በእጁ የሆነ ደግ ሰው ሲደክመው ሌላውም የደከመው ይመስለዋል። የራሴን ገመድ ልሳብ ብላቸው «ግድግዳዬ አይበሳም» አሉ። ኪራዩ ላይ ግን «የዲሽ» እየተባለ በየወሩ ይጨመርብኝ ነበር።

ይህ በመስመር አፍ ላይ የመቀመጥ ፍቅር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ለብዙ ቤቶች ቴሌቪዥን ሲደርስ የኖረው ከመንገድ በሚገባ ገመድ ነው። ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ተከፍሎበት ሳለ፣ የገመድ ኩባንያዎች በዚያው ቤት ለሌላው ክፍል ቴሌቪዥን ለብቻው ወርኃዊ ሒሳብ የሚያስከፍሉበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የኬብል ቴሌቪዥን ሕግ ግን ዋጋቸውን ከመቆጣጠር አልፎ፣ ደንበኛው አገልግሎቱን ሲያቋርጥ ቤቱ ውስጥ የቀረው ገመድ የማን እንደሚሆን ደንብ እንዲወጣለት አዘዘ። በደንቡም ኩባንያው ገመዱን ነቅሎ ከመውሰዱ በፊት ደንበኛው በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲገዛው ማቅረብ አለበት ተባለ። ታላቅ አገር፣ ታላቅ ምክር ቤት፣ በግድግዳ ውስጥ ስላለ ገመድ ሕግ ያወጣል። ጉዳዩ ትንሽ ስላልሆነ ነው። እኛ ግን ማንም ኩባንያ ሳይከለክለን እርስ በርሳችን እንከለካከላለን፤ ክልከላችንንም «የቤተሰብ ፍቅር» ብለን እንጠራዋለን።

ነገር እንዳይጣመምብኝ ይህን ልጨምር። በክፍያ የሚታይ ሥርጭት ለሁለተኛው ሪሲቨር ሒሳብ የሚጠይቅ ከሆነ ይከፈል፤ የሰው ላብ ስረቁ የሚል ምክር ከእኔ አይወጣም። እኔ የምናገረው በነፃ ከሰማይ ስለሚወርደው፣ በነፃ ወርዶ ሳሎን ውስጥ ስለሚታሰረው ነው።

«ባለሙያ ካልመጣ አይሆንም» የሚለው ሰበብም አይሠራም። የዚህ ገመድ ሐሳብ ዕድሜ ጠገብ ነው፤ እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ እ.ኤ.አ. በ1880 የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል። ዛሬ መርካቶ በሜትር ተለክቶ የሚሸጠውን ብትልጡት መሐሉ ላይ አንድ ሽቦ፣ በዙሪያው ነጭ ፕላስቲክ፣ በዚያ ላይ ብልጭልጭ ቅጠልና እንደ ወንፊት የተሸመነ ቀጭን ሽቦ፣ ከሁሉ በላይ ልባሱን ታገኛላችሁ። የተሸመነው ሽቦ መሐለኛውን ከውጭ ጫጫታ ይጠብቀዋል። ስትገዙ 75 ኦም የሚል ጽሑፍ እንዳለበት እዩ። ሪሲቨሩን ከኤሌክትሪክ ሳትነቅሉ ምንም አታያይዙ። ጫፉን ስትልጡ ከተሸመነው ሽቦ አንዲት ጭራ እንኳ መሐለኛውን እንዳትነካ ተጠንቀቁ፤ ከነካች መስመሩ ይገናኝና ኤልኤንቢዋ አትሠራም። መሐል መንገድ ላይ ቆርጣችሁ በፕላስተር አትቀጥሉ። ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ አትስደዱ። ገመዱ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ወደ ታች ይንጠልጠል፤ የክረምቱ ውኃ እዚያ ላይ ይንጠባጠባል፤ አለዚያ ዝናቡ ገመዱን ተከትሎ ቤታችሁ ይገባል። ሠላሳ ሜትር ድረስ ደህና ገመድ አያሳፍርም። ምሥጢሩ ይኸው ነው። ለጣሪያው ሥራ፣ በተለይ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ፣ የለመደ ሰው ቅጠሩ፤ ነፍስ ከገመድ ትበልጣለች። ከጣሪያ ወዲህ ያለውን ግን ራሳችሁ ሳቡት።

ለምን ራሳችሁ? ገንዘብ ለማትረፍ ብቻ አይደለም። ባለሙያው ሲመጣ የሚጠይቀው ከፋዩን ነው። «ጋሼ፣ የት ይሁን?» ይላል። ጋሼም «ሳሎን» ይላሉ፤ ሁለተኛ ከተባለም «የእኔ መኝታ ቤት» ይላሉ። የቤት ሠራተኛዋን «እህቴ፣ አንቺ የት ብታይ ይሻልሻል?» ብሎ የጠየቀ የዲሽ ባለሙያ ካለ ስሙን ንገሩኝ፤ ሄጄ እጁን እጨብጣለሁ። በገዛ እጃችሁ ስትስቡት ግን ገመዱ በየክፍሉ ያልፋል፤ በየክፍሉ ሲያልፍ ማን የት እንደሚተኛ፣ ማን የት እንደሚውል፣ የማን ክፍል ውስጥ ሶኬት እንኳ እንደሌለ ታያላችሁ። በገዛ ቤታችን ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ስንቶቻችን ነን በዓመት አንድ ቀን የምንገባው?

የቤት ሠራተኛን ደጋግሜ ማንሣቴ ያለ ነገር አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ በግለሰብ ቤት የሚሰጥን የግል አገልግሎት ከአዋጁ ወሰን ውጪ አድርጎ ለደንብ አሳልፎታል። እንግዲህ ለእሷ የዕረፍት ሰዓቷም፣ የማረፊያ ቦታዋም፣ ማታ ዕቃ ካጠበች በኋላ ያለችው አንድ ሰዓትም በአመዛኙ በእኛ ህሊና ላይ የተጣለ ነው። በእኛ ህሊና ላይ የተጣለውን ደግሞ እናውቀዋለን፤ በር ተደግፎ ቆሟል።

ስለ ልጆች የሚነሣውን ስጋት እቀበላለሁ። ሕፃን ተኝቶ እንዲያድር በተነጠፈለት ክፍል ቴሌቪዥን አይግባ፤ የሕፃናት ሐኪሞችም ይህን አይመክሩም። እኔ ግን «ሌላ ክፍል» ስል የልጅ መኝታ ማለቴ አይደለም። አያት የሚውሉበትን፣ ሠራተኛዋ የምታርፍበትን፣ ሴቶች ሽንኩርት የሚከትፉበትንና በርበሬ የሚቀነጥሱበትን ማለቴ ነው። የልጆቹ ነገር የሚያሳስበን ከሆነ እጃቸው ላይ ባለው ስልክ እንጀምር። ሳሎን ውስጥ «አብረን ነን» እያልን እያንዳንዱ በየስልኩ ላይ ሲያቀረቅር ቤት ተበተነ ያለ ሰው የለም፤ አንዲት አሮጌ ቴሌቪዥን ወደ ጓዳ ስትገባ ግን ኡኡታው ሰማይ ይነካል።

«ስልክ እያለ ገመድ ምን ያደርጋል?» የሚለኝም አይጠፋም። ስልክ ካርድ ይበላል፤ ዳታ ይሞላበታል። ዓይናቸው የደከመ አያት መዳፍ በምታህል መስታወት ላይ ቅዳሴ ይከታተሉ ማለት ቀልድ ነው። ስልክ ደግሞ ለአንድ ሰው ነው፤ ጓዳ ያለች ቴሌቪዥን ግን የራሷን ጉባኤ ትሰበስባለች። አያትና ሠራተኛዋ አብረው ያዩባታል፤ ጎረቤት ያለችው ሠራተኛ ጨው ልትዋስ መጥታ ግማሽ ሰዓት ትቀመጥባታለች። እንደ ሳሎኑ ያለ ሳቅ ከጓዳም ይሰማል። ቤት ተበተነ የሚባለው ያኔ ነው? ለእኔ ያኔ ቤቱ ሞላ።

ሳሎኑም ቢሆን አይጎዳም። አባወራው ያሻቸውን ጣቢያ ያለ ጉርምርምታ ያያሉ፤ ከእሳቸው ጋር የሚቀመጠውም ወዶ የተቀመጠ ይሆናል። ወዶ የመጣ አንድ ሰው አጥቶ ከመጣ አምስት ሰው ይሻላል። ልጃቸው ሌላ ክፍል ሌላ ጣቢያ እያለለት ከአባቱ ጋር ዜና ሊያይ ከመጣ፣ እሱን ነው ቤተሰብ የምለው።

አሁንም «አይሆንም፣ ቤታችን በአንድ ቴሌቪዥን በፍቅር ይኖራል» የሚል ካለ አንድ ፈተና ልስጠው። ዛሬ ማታ እራት እንደተነሣ ሪሞቱን ለቤት ሠራተኛችሁ ስጧት። ወንበር ስጧትና ተቀመጪ በሏት። የትኛውን ጣቢያ እንደምትከፍት ከመክፈቷ በፊት ገምቱ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለትና ሦስት ዓመት አብራችሁ ኖራችኋል፤ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደምትወዱ እሷ ታውቃለች። እናንተስ የምትወደውን ታውቃላችሁ? ካወቃችሁ ገመድ አያስፈልጋችሁም፤ እኔም ተረትቻለሁ። ካላወቃችሁ ግን ነገ ጧት ከሥራ በፊት ሜትር ይዛችሁ ከዲሹ እስከ ጓዳው ድረስ ለኩ።